ጡሩምባው ሳይነፋ

(በጎፋ ሠፈር ለተሰበሰቡ ጎረቤቶችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ የሚታጠብበትንና ዘመድ የሚጠየቅበትን ሰዓት ትታችሁ የእኛን የተማሪዎችን ንግግር ለመስማት በመምጣታችሁ እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ተማሪ ሊናገር ሲነሣ ከሩቅ አገር ይጀምራል፤ ከግሪክ ወይም ከጀርመን ፈላስፎች አንዱን ሳይጠራ አይቀመጥም ተብለን እንደምንታማ እናውቃለን። ዛሬ ግን ከአንዲት የአማርኛ ቃል ልንነሣ አስበናል፤ ቃሊቱም «እኔን» የምትለዋ ናት።

ሕፃን ልጅ ሮጦ ሲወድቅ፣ ገበያ የዋለች እናት በክረምት ጭቃ ሲያዳልጣት፣ አጠገቧ ያለው መንገደኛ፣ የማያውቃት እንኳ ቢሆን፣ «እኔን!» ይላል። አንዳንዱም «እኔን ይድፋኝ!» ብሎ ይጨምርበታል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አንቺን ያገኘሽ ጉዳት አንቺን ትቶ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። ቃሉ ከአፍ የሚወጣው ሳይታሰብ ነው፤ ተናጋሪውም በእውነት ለመደፋት ተዘጋጅቶ አይደለም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በየመንገዱ፣ በየቀኑ፣ ለማይታወቅ ሰው ሁሉ የሚባልበት ቋንቋ ስላለን ደስ ይለናል። ዛሬ ልንጠይቅ የተነሣነው ይህች ቃል ከአፍ ወደ እጅ የምትወርደው መቼ እንደሆነ ነው።

ወደ እጅ የወረደችበትን አንድ ቀን ሁላችሁም የምታስታውሱት ይመስለናል። ይህ የእኛ ሠፈር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ካለው ከጎፋ ዞን ጋር ስም ይጋራል። በዚያ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል ቀበሌ፣ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ተራራው ተንሸራቶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ዋጣቸው። ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን የአካባቢው ሰው ወሬውን እንደ ሰማ ወደ ስፍራው ሮጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ ዶማ ያለው በዶማ፣ ምንም የሌለው በባዶ እጁ ጭቃውን ይቆፍር ጀመር። ከሮጡት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ ነበሩ፤ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም ነበሩ። እነርሱ አቀርቅረው በሚቆፍሩበት ጊዜ ከበላያቸው ያለው አፈር ዳግመኛ ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ሊድኑ ከሚጠባበቁት ጋር ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡት ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

እነዚህ ሰዎች «እኔን» ያሉት በእጃቸው ነው። ማንም ስብሰባ አልጠራቸውም፤ መዋጮ አልጠየቃቸውም። ከጭቃው ሥር ያለው ማን እንደሆነ፣ የየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት በድንበር ተጣልቷቸው እንደሆነ አልመረመሩም። ገበሬ ከሆነ ሰው አእምሮ ይህ እንዴት እንደሚወጣ ማስረዳት የእኛ ችሎታ አይደለም። የገረመን ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ያን ዕለት ጠዋት በድንገት ደግ የሆኑ አይመስለንም። በየቀኑ እሳት የሚጫጫሩ፣ በወፍጮ መንገድ የሚሸካከሙ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ማሳውን የሚያርምለት ሰዎች ባይሆኑ ኖሮ፣ ያን ዕለት እግራቸው እንደዚያ ሊፈጥን ባልቻለ ነበር። ትልቁ ቀን የሚመጣው ሳይታሰብ ነውና ለእርሱ ልምምድ የሚደረገው በትንንሾቹ ቀኖች ነው።

ጉዳዩን ወደ ራሳችን ሠፈር እናምጣው። እኛስ ትንንሾቹን ቀኖች እንዴት እንውላቸዋለን?

በመጀመሪያ የሚገባንን ምስጋና እንስጥ። ስለ ዕድር ክፉ የሚናገር ተማሪ ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጡሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየዞረ የሟቹን ስም ሲጠራ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሰሐኑና ጣሳው ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ እናቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ወጣቱ ውሃ ይቀዳል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ባለ ፎቁም የቀን ሠራተኛውም በአንድ ድንኳን ሥር ይለቀስለታል። ዕድር የተጀመረበትን ዘመን ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ በአዲስ አበባ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እጅግ መስፋፋቱን ግን ብዙዎች ጽፈዋል። ማንም መንግሥት ሳያዝዘው፣ የባንክ ዋስትና ሳይኖረው፣ በአንድ ደብተርና በአንድ ሳጥን ቁልፍ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ማኅበር በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ዋጋውንም በ2012 ዓ.ም. በሚገባ አወቅነው። በመጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በሚያዝያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳን የሌለው ሐዘን ምን እንደሚመስል አየን። ብዙ ሰው እናቱን ቀብሮ በባዶ ቤት ብቻውን ተቀመጠ።

እንግዲህ ዕድራችን እንዲህ ያለ ከሆነ ምን ጎደለ ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ባለፈው ክረምት ከሰማነው ነገር ተነሥተን እንመልሳለን።

እንደምታውቁት በሠፈራችን ያሉት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ሲኖራቸው አሳንሰር የላቸውም። ከእነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ፣ በላይኛው ፎቅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ጡረተኛ አዛውንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። በሞቱ ጊዜ ዕድሩ አላሳፈራቸውም፤ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው በውጭ ቆመ። ከእኛም አንዳንዶቹ ለልቅሶ ሄደን ተቀምጠናል። በዚያው ድንኳን ውስጥ አንዲት የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ ለእናቷ ስትናገር ሰማናት፤ «አባባ ዳቦ ግዢልኝ ብለው በመስኮት ይጠሩኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ግን አልጠሩኝም» አለች። እናቲቱ ልጂቱን ዝም አሰኘቻት። አጠገባችን የነበሩት ሰዎችም መሬት መሬት አዩ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ልቅሶ ደርሷል፤ ሁሉም መዋጮውን ከፍሏል፤ ለሠልስትም መጥቷል። በሕይወት ሳሉ ግን ሰው መምጣት ያለበት በየትኛው ቀን እንደሆነ የሚናገር ጡሩምባ አልነበረም። ጎደለ የምንለው ይህ ነው። ደግነታችን የታወቀ ሰዓት ያለው ለሞት ብቻ ሆኗል። የሞተው ሰው በመዝገብ ላይ ስም አለው፤ ተራ አለው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው። የታመመውና ብቸኛው ግን በአጋጣሚ ላይ ተትቷል። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ከግድግዳ ወዲያ ያለ ጎረቤት ግን ቅርብ መሆኑ የሚታወቀው በሩ ሲንኳኳ ነው።

እዚህ ላይ ከከተማችን ታሪክ አንድ ነገር እናንሣ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባ የበረታው ወረርሽኝ፣ ዓለም ሁሉ የስፔን ጉንፋን ያለው፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ነው። በከተማይቱ ብቻ ወደ 10,000 ሰው ሳይሞት አልቀረም ተብሎ ይገመታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ የእርሱ መታሰቢያ ነው፤ ልጆች ጭሱን ብቻ ያውቃሉ፣ ምክንያቱን ግን የሚነግራቸው የለም። ለዚያ በሽታ በዚያን ጊዜ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ መድኃኒት አልነበረውም። ሊደረግ የሚቻለው በሽተኛውን ማሞቅ፣ ማስተኛት፣ ውሃና አጥሚት ማቅመስ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሟቹን የሚቀብር፣ ለሕያውም አንድ ጣሳ ውሃ የሚያቀብል ጤነኛ ሰው በጠፋበት ቤት፣ ሰውን የገደለው በሽታው ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል። ውሃ ማቀበል ዛሬ ትንሽ ነገር ይመስለናል፤ በዚያ ኅዳር ግን ከሐኪም ቤት ያልተገኘው መድኃኒት እርሱ ነበር።

አሁን ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው ተቃውሞ ኑሮ ከብዷል፣ የራሱን ልጅ ማብላት ያቃተው ሰው ለጎረቤት ምን ይተርፈዋል የሚለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ደረጃ ወጥቶ በር ማንኳኳት ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛው ግን ከራሳችን ከተማሪዎች መካከል የሚነሣ ስለሆነ መልስ ይፈልጋል። «ደግነት የሥርዓት ጉድለት መሸፈኛ ነው፤ አሳንሰር የሌለውን ሕንፃ፣ ሐኪም የሌለውን ቀበሌ በሰላምታና በዳቦ ልትጠግኑት ነው ወይ?» ይሉናል።

እነዚህ ወንድሞቻችን ግማሹን እውነት ይዘዋል። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚህ በእኛው ከተማ፣ በቆሼ፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር የጎደለው የጎረቤት ፍቅር አልነበረም። ሰው በቆሻሻ ክምር ሥር ቤት ሠርቶ እንዲኖር ያደረገው ድህነትና ችላ ባይነት ነው። ያን ጊዜም የሦስት ቀን ሐዘን ታውጇል፤ የሐዘን አዋጅ ግን ተዳፋቱን ደግፎ የሚይዝ ግንብ አይሆንም። ስለዚህ መንግሥት ሊሠራ የሚገባውን በጎረቤት ትከሻ ላይ እንጫን አንልም፤ መጠየቅም መከራከርም ይገባል። ነገር ግን ሥርዓቱ እስኪቃና ድረስ በአራተኛው ፎቅ ያሉት ሰው ዳቦ ይፈልጋሉ። ደግሞም ለሰው ልጅ በጠቅላላው የሚያዝን፣ ለቤቱ ሠራተኛ ግን «እንደምን አደርሽ» የማይል ተማሪ እንዳለ አይተናል። እንዲህ ያለው ሰው ነገ ሥልጣን ቢያገኝ በመዝገብ ላይ ያለውን ሕዝብ ይወድ ይሆናል፤ በደጁ ለተሰለፈው ሰው ግን ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ እንጠራጠራለን።

የዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ለማስኬድ ሞክረው ነበር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆነው ሠሩ። ግዴታ መሆኑን የጠላው ብዙ ነው። ሆኖም ስለ ሕዝብ የሚከራከረው ተማሪ የሕዝቡን ጎጆ ከውስጥ ያየው በዚያ አጋጣሚ ነው። እኛ ዛሬ እስከዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገው ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ኬንቾ ሻቻ አንድ ጊዜ እንመለስ፤ ከዚያ ሐዘን ያልተናገርነው ትምህርት አለና። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ዝናቡ ካላቋረጠ ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል የመሬት ሊቃውንት ያስጠነቅቃሉ፤ ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ሲሠሩ ከላይ ያለውን መሬት የሚጠብቅ፣ ስንጥቅ ሲያይ የሚጮኽ አንድ ሰው ይቆማል። ያን ጠዋት ይህን የሚያዘጋጅ አካል በስፍራው አልነበረም። ወቀሳችን በሟቾቹ ላይ አይደለም፤ እንዲያ ያለ ወቀሳ ይቅርብን። የምንለው ደግነት ዕውቀት እንደሚፈልግ ነው። ዕውቀት ደግሞ በትምህርት ቤት ያገኘነው የእኛ ዕዳ ስለሆነ፣ ለዛሬ ሦስት ነገር ብቻ ይዘን መጥተናል።

የመጀመሪያው የከሰል ነገር ነው። በክረምት ብርድ፣ በተለይ በጠባብ ኪራይ ቤት፣ ሰው ቡና ያፈላበትን ማንደጃ በሩን ዘግቶ ሲሞቀው ያድራል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የሚገድለው አየር አይታይም፤ አይሸትምም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ኦክሲጂን በደማችን ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ይነጥቃል፤ ደማችንም ከኦክሲጂን ይልቅ እርሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛል፤ አይነቃምም። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመውን ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አየር ማውጣት፣ መስኮቱን መክፈት፣ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቁት እነማን ናቸው? ከገጠር በዚህ ሳምንት የመጣችው የቤት ሠራተኛ፣ በአንድ ክፍል አምስት ሆነው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች፣ አዲሱ የግቢ ዘበኛ ናቸው። በገጠር ቤት ግድግዳውና ክዳኑ አየር ስለሚያስገባ እሳት ሲሞቁ ማደር የለመዱት ነው፤ የብሎኬትና የሲሚንቶ ቤት ግን ሌላ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ለአንድ ዘበኛ ይህን ብትነግሩት ምናልባት የአንድ ሰው ነፍስ አትርፋችኋል። እንዳተረፋችሁም አታውቁትም።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። በታክሲ ተራ ወይም በገበያ መካከል አንድ ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ሰዉ ይከብበዋል፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፤ ሌላው አፉን በማንኪያ ለመፈልቀቅ ይታገላል፤ የቀረው ይጋባብኛል ብሎ ይሸሻል። በሽታው በንክኪም በአረፋም አይጋባም፤ የአንጎል ሕመም ነው። ክብሪቱ ምንም አያደርግም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። የሚገባው ድንጋይና ስለት ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ኮት ማድረግ፣ የአንገት ልብሱን ማላላት፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለማስገባት ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ አምቡላንስ ይጠራል፤ የቀይ መስቀሉ ቁጥር 907፣ የእሳትና አደጋው 939 ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰውየው ሲነቃ የሚያየውን ፊት አስቡት። ሃምሳ ሰው ቆሞ ሲመለከተው ነው የሚነቃው። አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «አይዞህ፤ አለሁ» ቢለው፣ ሌላውም ሕዝቡን ቢበትንለት፣ ያ ሰው ከመውደቁ ይልቅ የሚያሳፍረው ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። «አይዞህ» በምንም ቋንቋ በቀላሉ የማይገኝ ቃል ነው፤ ብር ግን አያስከፍልም።

ሦስተኛው ደም ነው። ሴት ስትወልድ የሚፈሳት ደም በዓለም ዙሪያ ከእናቶች ገዳዮች ግንባር ቀደሙ ነው። ደም በፋብሪካ አይሠራም፤ ከሰው ብቻ ይገኛል። ቢቀመጥም አይበረክትም፤ ቀዩ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ፕሌትሌት የሚባለው ክፍል ግን አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ በዓል ሰሞን መቶ ሰው ተሰልፎ ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ ቢጠፋ ብዙ አይጠቅምም። የሚፈለገው በየሦስት ወሩ በተራ የሚመጣ ሰው ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው ይችላል፤ የሚወሰደውም ግማሽ ሊትር አይሞላም። ከሞት አፋፍ ያለችው ያቺ እናት የማን ሚስት እንደሆነች፣ ምን ቋንቋ እንደምትናገር ሰጪው አያውቅም፤ እርሷም አታውቀውም። «እኔን» ማለት በዚህ ዘመን ከዚህ የበለጠ ቅርብ ትርጉም ያለው አይመስለንም።

ጊዜያችሁን እንዳንፈጅ ወደ ልመናችን እንለፍ። ለዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች የምናቀርበው ልመና ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ በዕድሜያችን እንኳ አይፈቀድልንም።

በዕድሩ ደብተር ላይ የእያንዳንዱ ቤት ስም፣ የመዋጮው መጠን፣ የቀረበት ቀንና ቅጣቱ ተጽፏል። በዚያው ገጽ አንድ ዓምድ እንዲጨመር እንለምናለን፤ ዓምዱም በዚያ ቤት ብቻውን የሚኖር፣ ደረጃ መውረድ የማይችል፣ የታመመ ወይም አራስ የሆነ ሰው መኖሩን የሚናገር ይሁን። አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባል የሚሰጡት ገንዘብ እንዳለ ሰምተናል፤ መልካም ነው። እኛ የምንለምነው ግን ከገንዘቡ በፊት እግር ነው። ልቅሶ ላይ የቀረ ሰው የሚቀጣ ከሆነ፣ ተራው ደርሶ በሽተኛ ሳይጠይቅ የቀረስ ለምን አይቀጣም? በዚህ ነጥብ ላይ ባለፈው ሳምንት ከአንድ አባት ጋር ስንነጋገር «ልጆች፤ ፍቅር በቅጣት አይሆንም» ብለውን ነበር። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ቀብር በቅጣት ከሆነ ወዲህ ማንም ፍቅር ቀነሰ ሲል አልሰማንም።

ሌላም አለ። የዕድር አባል የሚሆነው ባለቤቱ ነው። በጎፋ ግን ተከራዩ ብዙ ነው። ተማሪው፣ የሱቅ ተቀጣሪው፣ ለሥራ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ወጣት በየዓመቱ ቤት ይቀያይራል፤ በየትኛውም ደብተር ላይ የለም። የቤት ሠራተኛዋማ በሌላ ሰው ቤት ስም ሥር ተጠቅልላ ቀርታለች። ታማ ብትተኛ የሚጠይቃት ማን ነው? ብትሞትስ ጡሩምባው በማን ስም ይነፋል? ይህን የምንለው ራሳችን ከተከራዮቹ ወገን ስለሆንን ጭምር ነው፤ አልደበቅነውም። መዋጮ የማይከፍል ሰው በዕድሩ ገንዘብ ይረዳ አንልም። ስሙ ብቻ ይጻፍ፤ የቅርብ ዘመዱ ስልክ ይጻፍ፤ አንድ ጎረቤት ይሰየምለት።

በእኛ በተማሪዎች በኩል የምንሰጠው ደግሞ ይህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ዓምዱ ላይ ስማቸው ወደ ሰፈረው ሰዎች ቤት እንሄዳለን። ዳቦና መድኃኒት እንገዛለን፤ ውሃ በማይመጣበት ሳምንት ጀሪካን እናወጣለን፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱትን ደረጃ ደግፈን እናወርዳለን፤ ልጃቸው ከውጭ አገር የላከውን መልእክት በስልካቸው እናነብላቸዋለን። ወግ የሚወዱ ካሉ ወግ እንሰማለን፤ ይህኛው ሥራ ከሁሉ የሚቀል እንዳይመስላችሁ። ፈተና በደረሰ ጊዜ ተማሪ እንደሚጠፋ ስለሚታወቅ፣ በየወሩ ተራውን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ከእናንተ ወገን እንዲመደብብን እንለምናለን። አምነን ብንተው ሁለት ወር እንኳ እንደማይዘልቅ ስለ ራሳችን እናውቃለን።

ደም ለመስጠት የሚፈልጉ ሰዎች ስምም ለብቻው ይመዘገባል። መቶ ሰው በአንድ ቀን አንፈልግም፤ በየሳምንቱ ስምንት ሰው ቢገኝ ይበቃናል፤ በሦስት ወር ተራው ዞሮ ይመጣል።

ሁለቱም ደብተሮች ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማያዊው የጉብኝቱ፣ ቀዩ የደሙ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች ቢኖሩ ሁለት እኅቶቻችን እዚያው ተቀምጠው ይጽፉላቸዋል። የብሎክና የቤት ቁጥር መጻፍ እንዳይረሳ፤ ስልክ ያለው ስልኩንም ይጨምር። እስክርቢቶው ለጊዜው ሁለት ብቻ ስለሆነ እየተጠባበቃችሁ በተራ እንድትጽፉ በትሕትና እንለምናለን። ጥያቄ ያለው ሰው ካለ ቡናው እስኪደርስ አሁን መጠየቅ ይችላል።